ዘፈኑን ያዘገየሁበት ዓመት

ጥቅምት 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ዛሬም ሙቀቱ አልቀነሰ። ጠዋት ጤና ጣቢያ ስደርስ ወረፋው ግቢውን ሞልቶታል። የሰሊጥ አጨዳ ስለደረሰ ጉልበተኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ከጎጃምም ከወሎም እየጎረፈ ነው። በመጣ በሳምንቱ ወባ ይጥለዋል። ሰባ ሁለት ካርድ አወጣሁ። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ… ዕድሜውን የሚያውቅ የለም። ፊቱን እያየሁ እገምታለሁ።

ከሥራ ስወጣ የቀበሌው ኪነት ቡድን ልምምድ። ጓድ ቸሩ መጥቶ ነበር። የቀበሌያችን ካድሬ እሱ ነው፤ ኪነቱንም የሚመራው እሱ። ለአብዮት በዓል ያቀረብነውን ሕዝቡ እያዛጋ ነው ያየው አለ። በመዝሙር ብቻ አዳራሽ አይሞላም፣ በመሀል ሰው የሚወደው ዘፈን ይግባበት። ሁሉም ባንድ አፍ «ሸማህን አጥቤ» አሉ።

ከክረምት ወዲህ ሬዲዮው ሌላ ዘፈን ያለ አይመስለውም። ሻይ ቤቱም እሱ፣ ሎሪውም እሱ። ሳክስፎኑ ገና ሲጀምር ትከሻ ራሱ ይነሳል።

*ሸማህን አጥቤ ከገመድ ሰቅዬ፣*
*በር በሩን አያለሁ ትደርሳለህ ብዬ።*

ሰውዬው ሊመጣ ነው፤ ሴትዮዋ ደስ ብሏት ትጠብቀዋለች። ሌላ ነገር የለውም። እኔ እንድዘፍነው ተባለ። «የዘማች ሚስት ነሽ፣ ያምርብሻል» አለኝ ጓድ ቸሩ።

የዘማች ሚስት። ባሌን፣ ደሞዝን፣ በብሔራዊ ውትድርናው የመጀመሪያ ዙር ነው የወሰዱት። ከትራክተሩ ላይ ጠርተው። ከሰኔ ወዲህ ደብዳቤ የለም።

ጥቅምት 6

እማማ ውባንች ዛሬም ቀበሌ ሄደሽ ጠይቂ አሉኝ። የደብዳቤ ከረጢት የሚወርደው እዚያ ነው። ጠየቅሁ። የለም። «የለም» ብዬ ስገባ አማቴ ቀና ብለው አያዩኝም፤ ከእግሬ አረማመድ ነው የሚያውቁት።

ጥቅምት 11

ተዘፈነ። እንዴት እንደሆነ ለራሴም አልገባኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም አለ። አኮርዲዮን የሚጫወተው መምህር ወባ ጥሎት ቀረ። ከበሮ መቺው እርሻ ወርዷል። የቀረን ዋሴና ክራሩ ብቻ። ዋሴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ክራር እንደሱ የሚመታ ግን በዚህ ቆላ የለም። በክራር ብቻ ያን ሩጫ አልችለውም፣ አንቺ ጀምሪና እከተልሻለሁ አለኝ።

ጀመርኩ። «ሸማህን…» እንዳልኩ የደሞዝ ካኪ ሸሚዝ ድቅን አለብኝ። በጠሩት ቀን ገመድ ላይ ነበር፣ እርጥብ። ሳይለብሰው ሄደ። ስንት ጊዜ ስለማመደው ትዝ ያላለኝ እዚያ መድረክ ላይ ለምን መጣ? ቃሉ ከአፌ እየዘገየ ወጣ። ዋሴ አየኝና ቀስ አለ። «ትደርሳለህ ብዬ» የሚለው ላይ ድምፄ ሽቅብ መውጣት ሲገባው ቁልቁል ወረደ። ልመልሰው ፈለግሁ። አልመለስ አለኝ። እስከ መጨረሻው እንደዚያው ሆነ።

ስጨርስ ከኋላ አንዲት ሴት ስትንሰቀሰቅ ተሰማኝ። ከወጣቶቹ መሀል ሳቅ፣ አንድ ፉጨት። ከዚያ ጭብጨባው መጣ፤ ዘግይቶ። ጓድ ቸሩ ሁለት ጊዜ አጨበጨበና ተወ። እማማ ውባንች ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበሩ። ነጠላቸውን ግንባራቸው ድረስ ስበውታል።

ጥቅምት 12

ቀኑን ሙሉ ስለዘፈኑ።

የሻረግ፣ መርፌ የምትወጋው፣ ገና ስገባ «ዘፈኑን ገደልሽው» አለችኝ። ልትጨፍር አዲስ ጫማ አድርጋ ነበር አሉ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳትነሳ አለቀባት። ከልቧ ነው የተቀየመችኝ።

ከዚያ አንድ የወሎ ጉልበተኛ። ካርዱን ሰጠሁት፤ ከመስኮቱ አይሄድም። «እህትዓለም፣ ትናንት የዘፈንሽው የኛ አገር ነው» አለኝ። የሬዲዮ ነው፣ የአዲስ አበባ ዘፋኝ ያወጣችው ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሬዲዮው ላይ ያለውንማ ያውቀዋል፤ ያ ሌላ ነው። ይሄኛው የእናቱ ነው። «እናቴ አምና ነው የሞተች» አለ። ካርዱን አየሁት። ሠላሳ ዓመት ብዬ ጽፌለታለሁ። ሃያም አይሞላው።

ሳሙና ልገዛ ሷሊህ ሱቅ ገባሁ። ሷሊህ አባቱ የማዶ፣ የሱዳን ሰው ነው፣ እናቱ የዚህ። ጨርቅና ካሴት ይሸጣል፤ ወዲያና ወዲህ ሲል ኬላው እንደሌላው ሰው አይይዘው። በዚያ በሰባራ አማርኛው፣ የካሴቱ ዘፈን ውሃ ለጠጣ ሰው ነው፣ ያንቺው ለጠማው ነው አለኝ። ከነሱ ሁሉ ይሄኛው ገባኝ።

አንድ ዘፈን ነው እኮ የዘፈንኩት…

ጥቅምት 13

እማማ ውባንች ሁለት ቀን ዝም ብለው ዛሬ ተናገሩ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።

«ልጄን በቁሙ አለቀስሽበት።»

ዘፈን ነው እማማ አልኩ። እሳቸው ግን ዘፈኑን ያውቁታል፤ ከሬዲዮ ሲሰሙት ደስ ይላቸው ነበር፣ ልጃቸው ሊገባ መንገድ ላይ ያለ ይመስላቸው ነበር። እኔ መንገዱን ዘጋሁት። ሟርት ነው አሉ። ሁለተኛ እንደዚያ አድርገሽ እንዳትዪው። እሺ አልኩ።

እሺ ያልኩት ከልቤ ነበር?

ጥቅምት 16

ታንጉ ጤና ጣቢያ ድረስ መጣች። ሎሪ ማቆሚያው ላይ ሻይና ከርከዴ የምትሸጠዋ። ትልቁ ልጇ ከደሞዝ ጋር በአንድ መኪና ነው የሄደው። ትንሹ አሁን ለሁለተኛው ዙር ስሙ ወጥቷል። አዳራሽ ውስጥ ስትንሰቀሰቅ የሰማኋት እሷ ኖራለች።

እቤቷ ወሰደችኝ። በሩን ገርበብ አድርጋ ዝፈኚልኝ አለች። እማማን እሺ ብያለሁ… ግን ዘፈንኩላት። በቀስታ፣ ለሷ ብቻ። አልቅሳ አልቅሳ ስትጨርስ ፊቷን ታጠበች።

«ልጄ ከሄደ ወዲህ ማልቀስ ነውር ሆኖብኝ ነበር። የዘማች እናት ትኮራለች እንጂ አታለቅስም ይሉኛል። ዘፈን ሰምታ አለቀሰች ቢባል ግን ማን ይከሰኛል?»

ስወጣ ከርከዴ በጠርሙስ ሞልታ ሰጠችኝ። ለእማማ ከየት ነው ልበል? ሰው ሰጠኝ አልኳቸው።

ጥቅምት 25

ደብዳቤ የለም።

ኅዳር 2

ዛሬም እሑድ፣ ዛሬም አዳራሽ። «ሸማህን አጥቤ»ን ለመዝፈን አላሰብኩም ነበር። መዝሙሩ እንዳለቀ ከኋላ ሴቶቹ ራሳቸው ጠየቁ። አንዷ ጀመረች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። አኮርዲዮኑም ከበሮውም ዛሬ አለ፤ መምህሩ በሩጫ ጀመረልኝ። ዋሴ ግን አየኝ። «በየትኛው?» ማለቱ ነው። እማማ አልመጡም ነበር። በዝግታው አልኩት፣ በዓይኔ።

መምህሩ ትንሽ ታግሎ ተወው።

አሁን አንድ ሰው አይደለም ያለቀሰው። ወንዶችም ነበሩ። እነዚያ ባለፈው የሳቁት ወጣቶች ዘንድሮ ስማቸው የወጣባቸው ናቸው፤ ዛሬ አልሳቁም። ሷሊህ ቴፑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይቀዳ ነበር።

ደስ አለኝ ልበል? አዎ፣ ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ እኔን እየሰማ ደሞዝን የሚያስብልኝ መሰለኝ። ኃጢአት ይሆን?

ኅዳር 7

ከሁለተኛው ዙር ዝርዝር ሁለት ወጣቶች ማዶ ተሻገሩ። ወንዙን በጠራራ ፀሐይ፣ ከብት ሊያጠጡ መስለው። ከተማው ሁሉ ይንሾካሾካል። የታንጉ ልጅ ከነሱ አይደለም።

ኅዳር 10

ጓድ ቸሩ ቢሮው አስጠራኝ።

አልጮኸም። ወንበር ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ ቴፕ አለ። ከፈተው፤ የኔ ድምፅ ነው። ሷሊህ የቀዳውን ከአንዱ ሎሪ ላይ አግኝተው ወስደዋል። እስከ መጨረሻው ሰማ። በመስኮት ወደ ውጭ እያየ። አልቆ ቴፑ እየተሽከረከረ ቆየ፤ አልዘጋውም።

«ግጥሙን ቀይረሻል?»

«አልቀየርኩም።»

«ቃል ጨምረሻል?»

«አልጨመርኩም።»

«ታዲያ ሰው ለምን ያለቅሳል?»

ምን ልበለው? ቀስ አድርጌ ነው የዘፈንኩት አልኩ።

ዘፈኑ አልተከለከለም አለ። በመንግሥት ሬዲዮ የሚዘፈን ዘፈን እንዴት ይከለከላል? ጥፋቱ አዘፋፈንሽ ነው አለ። በበላይ ዘንድ ሪፖርት ተደርጓል፣ የሁለቱ ወጣቶች መኮብለል ከዚህ ጋር ተያይዟል። ኅዳር 30 ምልምሎቹ ይሸኛሉ። እዚያ ላይ እንደ ካሴቱ ትዘፍኚዋለሽ። ፈገግ እያልሽ። እየጨፈርሽ። ያን ጊዜ ነገሩ ይዘጋል።

አልዘፍንም ብልስ አልኩ። ዋሴን ጠዋት ወስደነዋል አለ። ክራሩን እንደዚያ የመታው ማን አዞት እንደሆነ እየተጠየቀ ነው።

እሺ አልኩ።

ስወጣ አንድ ነገር አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። እሱም ሰሜን ያለ ወንድም አለው። ይህን ለምን ነገረኝ?

ኅዳር 11

ይህን ደብተር ከእንግዲህ እቤት አላስቀምጥም። ካርድ ክፍል፣ የሟቾች ካርድ ያለበት መደርደሪያ ላይ። እዚያ ማንም እጁን አይሰድም።

ኅዳር 14

ዋሴን ፈቱት። በአምስተኛው ቀን። ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ጨርቅ የለም፣ ዝም ብሎ ነው የተቀመጠ። የቀኝ እጁን በሻሽ ጠቅልሎታል። ዋሴ፣ በኔ ምክንያት… ስል ስሜን ጠርቶ አስቆመኝ። «ተይው፣ ባንቺ። እንደ ካሴቱ በዪውና ይለቅልን» አለኝ። ንቀትም ርኅራኄም አልነበረም። ደክሞት ነው።

ለእማማ ሽኝቱ ላይ በፍጥነት እንደምዘፍነው ነገርኳቸው። ስለ ቢሮው አልነገርኳቸውም። ምክራቸውን የሰማሁ መሰላቸው። ግንባሬን ሳሙኝ።

ኅዳር 22

ልምምድ። መስተዋት ፊት ፈገግታ ስለማመድ የሻረግ ደረሰችብኝ። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ቆየሁ።

ኅዳር 30

ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ሎሪዎቹ ፊት ለፊት። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጥለት ያለው ቀሚስ ከሴቶች ማኅበር አስመጥተው አለበሱኝ። አኮርዲዮን፣ ሁለት ከበሮ። ዋሴም አለ። በሁለት ጣት ነው የሚመታው። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

ዘፈንኩ። ካሴቱን መሰልኩ፤ ካሴቱንም በለጥኩት። ፈገግ አልኩ። ትከሻዬን ሰበቅኩ። ምልምሎቹ ሎሪው ላይ ቆመው ጨፈሩ። ወታደሮቹ አጨበጨቡ። የሻረግ መሀል ገብታ ስትዞር ጫማዋ አቧራ አስነሳ፤ «አሁን ገና ዘፈንሽው» አለችኝ በጆሮዬ። አንዱ መኮንን መጥቶ ጨበጠኝ።

ታንጉ ከትንሹ ልጇ ሎሪ ሥር ነበረች። አየችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችኝና የልጇን እግር አቅፋ ቀረች። እጇ የሚደርሰው እግሩ ጋ ብቻ ነበር። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልዞረችም። ሌሎቹም ሴቶች እንደሷ። አዳራሽ ውስጥ «ድገሚው» ያሉኝ እነዚያው። ሎሪዎቹ ሲነሱ እንኳ አላለቀሱም። ማልቀሻቸውን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ።

ከልባቸው ደስ ያላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። እማማ ውባንች። ከሰው መሀል ወጥተው እልል አሉ። ሦስት ጊዜ። ደሞዝ ከሄደ ወዲህ ድምፃቸው እንደዚያ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። አቅፈውኝ «እንዲህ ነው እንጂ የኔ ልጅ፣ አሁን ይመጣል» አሉኝ።

ልብሱን መለስኩ።

ታኅሣሥ 3

ታንጉ ሻይ አልሸጥልሽም አላለችኝም። ቀዳችልኝ። ስኳሩን ራሴ እንድጨምር ገፋ አደረገችልኝና ወደ ሌላ ሰው ሄደች።

ታኅሣሥ 9

ደሞዝ ሞቷል።

ታኅሣሥ 13

አሁን ልጽፈው።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው የመጡት። ቄሱ፣ ሦስት ሽማግሌዎች፣ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ። በር ስከፍት ነጠላቸውን አደግድገው ቆመዋል። መናገር አላስፈለጋቸውም። እማማ ከኋላዬ «ማነው?» አሉ። ዞሬ ማየት አቃተኝ።

ጓድ ቸሩ አልመጣም። ወረቀቱን በሽማግሌዎቹ ልኮታል። ሰው ሁሉ ሲጮህ ወረቀቱ እጄ ላይ ቀረ። ካርድ ጸሐፊ ነኝ፤ ወረቀት ሲሰጡኝ ቀኑን ነው የማየው። እንዲያ ለምዶብኝ… የተሰዋበት ቀን ነሐሴ 19። ከታች የቀበሌው ማኅተም። «ገቢ ኅዳር 12።»

ደጋግሜ አየሁት። ኅዳር 12። እኔ ኅዳር 30 ነው የጨፈርኩት። አሥራ ስምንት ቀን ይህ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ነበር። እኔ መስተዋት ፊት ፈገግታ ስለማመድ እዚያ ነበር።

ከዚያ ሌላው ቀን መጣብኝ። ነሐሴ 19። ጥቅምት ላይ አዳራሽ ስቆም ከሞተ ሁለት ወር ሊሞላው ምንም አልቀረው። ድምፄ ያን ዕለት ቁልቁል የወረደው ለምንድነው? ጉሮሮዬ ያውቅ ነበር?

እማማ አራት ቀን አላነጋገሩኝም። ዛሬ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ ፊታቸው ተቧጥጦ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ «በቁሙ አለቀስሽበት፣ ይኸው ሞተ» አሉ። ሰው ሁሉ ሰማ። ልችለው አልቻልኩም። ወረቀቱን አወጣሁ። ማንበብ አይችሉም፤ ቀኖቹን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እኔ ስዘፍን ሞቶ ነበር እማማ። በዚያኛው ጊዜ ሞቶ ነበር፣ በሽኝቱም ቀን ሞቶ ነበር። እኔ አልገደልኩትም።

ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አገላበጡት። ከዚያ አዩኝ።

«ታዲያ እኔን ለምን እልል አስባልሽኝ?»

አላወቅሁም እማማ፣ ማለት ነበረብኝ። እውነቱም እሱ ነው። ግን ከአፌ አልወጣም።

ታኅሣሥ 14

ታንጉ መጣች። እስከ ዛሬ አልመጣችም ነበር። ከደጅ ጀምሮ ነው ያለቀሰችው፣ እና በምን ዜማ… በዚያው። በዝግታው። ሸማህን አጥቤ ብላ ጀመረች፤ ከዚያ የደሞዝን ስም አገባችበት፣ ትራክተሩን፣ ሰሊጡን። ሴቶቹ ተቀበሏት። ደረት ተመታበት። ድንኳኑ ሁሉ በኔ ዜማ አለቀሰ።

እማማ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ይዘው አብረው አሉት። ሟርት ነው ያሉትን።

እኔ አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ትንፋሽ እንኳ በድምፅ አልወጣም። የሟች ሚስት ዝም ብላ ተቀመጠች፣ ልቧ ድንጋይ ነው ይበሉኝ።

ታኅሣሥ 22

ጓድ ቸሩ ዘንድ ሄድኩ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት፣ ማኅተሙ ወደሱ ዞሮ። ከሽኝት በፊት መርዶ አይነገርም፣ መመሪያ ነው አለ። በዚያ ወር የመጣው ያንቺ ብቻ አይደለም አለ። የሌሎቹን ስም አልነገረኝም። እያንዳንዱ ቤት ተራው ሲደርስ ይነገረዋል።

ስለ ዘፈኑስ? አልኩት። መሞቱን እያወቅህ አስጨፈርከኝ። ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰልኝ። «አንቺ አላወቅሽም። ያወቅሁት እኔ ነኝ» አለ። እንደሚያጽናናኝ ነበር ያለው።

በመንገድ ላይ ሳስበው… ያን ዕለት ወደ መስኮት እያየ ቴፑን ሳይዘጋ የቆየው፣ ወረቀቱ እስኪመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ምን ይሰማ ነበር?

ጥር 5

የታንጉ ትልቁ ልጅም። ዛሬ ጠዋት ተረዳች። ከደሞዝ ጋር ባንድ ቀን ነው የሞተው። ወረቀቱ ላይ ገቢ የተባለውን ቀን እንዳነብላት አመጣችልኝ። ማኅተሙ በደንብ አይታይም አልኳት። ይታያል።

ጥር 19

እማማ ውባንች ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ወንድማቸው ዘንድ ከሄዱ ሰነበቱ። ለአርባው እመለሳለሁ ብለው ነበር፤ አርባው ትናንት ሞላ። እዚያው አወጡለት አሉ። የደሞዝን ልብስ ይዘው ሄደዋል፣ ካኪውንም። ቀድሜ ደብቄው ቢሆን ኖሮ…

የካቲት 11

ሷሊህ ከማዶ ተመለሰ። ያ ካሴት ተባዝቶ ጋላባት ደርሷል። እዚያ ያሉት የኛ ሰዎች ሻይ ቤት ሰብሰብ ብለው ይሰሙታል አለ። አንዱ ዘፋኟ የቋራ ሴት ናት ይላል፤ ሌላው የለም የጎጃም ናት፣ ድምፅዋ ያስታውቃል። አንዱ ተሻጋሪ ወጣት ጭራሽ እኔ የዚያው ከተማ ልጅ ነኝ፣ አውቃታለሁ፣ ሞታለች ብሎ ማለ። ይጣሉበታል።

ሴቶቹ ግን የሚጠይቁት ሌላ ነው አለኝ። ሰውዬው መጣላት ወይ? ይላሉ። ሷሊህ በሄደ ቁጥር ይጠይቁታል።

«ምን ልበላቸው?» አለ። ደሞዝ እንደሞተ ያውቃል፤ ለቅሶ ተቀምጧል።

መጣ በላቸው አልኩት።

መጋቢት 8

ከኪነት ወጣሁ። ድምፄ ጠፍቷል ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ። ጓድ ቸሩ ምንም ሳይል ፈረመ። ማስታገሻ ክኒን ይሰጣት ብሎ የጤና ረዳቱን አዞልኛል። ወስጄ ጣልኩት።

ድምፄ ጠፍቶ ነው? አላውቅም። አልሞከርኩትም።

ሚያዝያ 12

የኪነቱ አዲሷ ዘፋኝ ኩብራ ነች፣ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ። ልጅነት ገና ከፊቷ አልጠፋም። ለላብ አደሮች በዓል «ሸማህን አጥቤ»ን አስጠኚኝ ብላ ካርድ ክፍል መጣች። ግጥሙን በወረቀት ጻፍኩላት። «እት ባንቺ፣ በየትኛው ልበለው? በፈጣኑ ነው በዝግታው?» አለችኝ።

ሰው ሁሉ ሁለት መሆኑን ያውቃል ማለት ነው።

እንደ ካሴቱ አልኳት። ቅር ያላት መሰለኝ። ወይስ እኔ ነኝ የመሰለኝ?

ሚያዝያ 23

በዓሉ ሜዳው ላይ ሆነ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ ጤና ጣቢያው በሙሉ ተሰለፈ፣ ቀሪ ይጻፋል። መጨረሻ ረድፍ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ከጎኔ አንድ ጉልበተኛ፣ ከጎጃም ገና የመጣ። ለምንጣሮ ነው።

ኩብራ ወጣች። ጥለት ያለው ቀሚስ፣ ያው። ዋሴ የለም፤ ወደ አብርሃ ጅራ ሄዶ እዚያ ይሰፋል አሉ። አኮርዲዮኑ ጀመረ። ዘፈነችው። እንደ ካሴቱ፣ እንደነገርኳት። ጥሩ ድምፅ አላት። ወጣቱ ተነሳ፣ የሻረግ ተነሳች። ታንጉ የሻይ ብርጭቆዎቿን እየሰበሰበች ነበር፤ አላቆመችም፣ ቀና ብላም አላየች። ጓድ ቸሩ አጨበጨበ።

ምን ይሰማኝ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። ምንም። ደረቅ መሬት ላይ እንደሚፈስ ውሃ፣ መጣ፣ ሰረገ።

ጉልበተኛው በጉልበቱ ላይ ሲያጨበጭብ ቆይቶ ወደኔ ዞረ።

«ዘፈኑን አታውቂውም እንዴ?»

«አላውቀውም» አልኩት።

አዘነልኝ። ቀላል ነው አለ። ጠጋ አለና ቃሉን ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ፣ ያስጠናኝ ጀመር።